በሩ ሥር የነበረችው አግዳሚ

አንደኛ ክፍል ያስተማረ መምህር ምርቃት ያገኛል። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው እየተባለ ዕድሜ ልኩን ስሙ ይነሳል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማረ ይከበራል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ያስተማረን ግን ማንም አያስታውሰውም፤ ቢያስታውሰውም በወጣለት ቅጽል ስም ነው። የእኔ "ፌርማታ" ነበር። ሰሌዳው አጠገብ አንዴ ከቆምኩ ደወል እስኪደወል ንቅንቅ አልልም ነበርና ነው።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው፣ ማይክሮፎን ይዞ ይህንኑ ሲናገር አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ። ጋቢ አለበሱኝ፤ "ለትውልድ ብርሃን" የሚል የተጻፈበት የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ዓለም ባንክ ሠፈር ካለው ቤቴ ስገባ ሰዓቱን ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ከተትኩት። እስከ ዛሬ አልተሰቀለም። ብርሃን የሆንኩላቸው ልጆች ይኖራሉ፣ አልክድም። ነገር ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያልተገኘች አንዲት ልጅ አለች፤ ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ስለ አንዲት አጭር አግዳሚም ነው።

የመምህራን ማሠልጠኛን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩት ጎጃም ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይንስ አስተማርኩ፤ አብዮቱ ፈነዳ፤ ዘመቻ ወጣሁ፤ ተመለስኩ። ከዚያ ማመልከቻ በሦስት ኮፒ ጽፌ፣ በሦስቱም ላይ ማኅተም አስመትቼ፣ ኮልፌ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ነበር፤ የቤት ኪራዩ ግን ያው አልነበረም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልልም።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ዛሬ ፎቅ ነው፤ ያሉበትም ሌሎች ሰዎች ናቸው። ያኔ ሦስት ረድፍ የጭቃ ቤት ነበር። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል የማስተምረውን እኔ ራሴ አልሰማውም። ከአጥሩ በስተጀርባ፣ ወደ ዛሬው ቤቴል በኩል፣ ገብስ ይዘራ ነበር። ትምህርቱ በፈረቃ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ያህል ልጅ፣ በአንድ ዴስክ ላይ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሆኖ ይቀመጣል።

ልጆቹስ እንዴት ያሉ ነበሩ? አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ጎን ተቀምጧል። ሰኔ ላይ አብሯት ሲሯሯጥ የነበረ ልጅ መስከረም ላይ ሲመለስ ልጅቷ በቁመት በልጣው ያገኛታል፤ ከዚያ በኋላ አጠገቧ አይደርስም። ድምፁ እመሀል ላይ የሚሰበርበት አለ። ፊቱን ብጉር ወርሶት ቀና የማይል አለ። ዛሬ ያለቀሰችበትን ነገር ነገ የምትስቅበት አለች። ማሠልጠኛ ውስጥ ስለ ሕፃናት አስተማሩን፣ ስለ አዋቂዎችም ትንሽ ነገሩን። እነዚህ በመሀል ያሉትን ግን ዘለሏቸው።

የተዘለለውን ያሳዩኝ ጋሼ ደምሴ ናቸው። የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ኪሱ በጠመኔ የነጣ የካኪ ኮት ከላያቸው የማይለይ። ደወል ሳይደወል ቀድመው ክፍላቸው በር ላይ ይቆማሉ። የሚገባውን ልጅ ሁሉ በስሙ እየጠሩ ዓይኑን ያያሉ። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣውን፣ ቤቱ ሲጨቃጨቅ ያደረውን፣ ከዚያች ሰላምታ ላይ ያውቁታል። አይጠይቁትም። ያን ቀን ወደ ሰሌዳ አይጠሩትም፣ በቃ።

ድምፁ እየጎረነነ ያለ ልጅ ጥያቄ ሲመልስ እሳቸው ያስላቸዋል። መጀመሪያ ሳምባቸውን የታመሙ መስሎኝ ነበር። ሳላቸው ከልጁ ድምፅ መሰበር ጋር እኩል እንደሚነሳ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ልጅ ሲሳሳትም ስሕተቱን በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ይጽፉትና "ይህን ትናንት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ የት ጋ እንደሳትኩ ፈልጉልኝ" ይላሉ። ሰማንያ ልጅ የመምህሩን ስሕተት ለማግኘት ሲሽቀዳደም፣ የተሳሳተው ልጅ ራሱ ቀድሞ እጁን ሲያወጣ ማየት ነው።

ከሃያ ደቂቃ በላይ አያስቀምጧቸውም። ሜዳ ያወጧቸውና ዙሪያውን በእርምጃ ያስለኳቸዋል፤ ተመልሰው ስፋቱን ያወጣሉ። ዳይሬክተሩ "ልጆቹን ያስፈነጥዟቸዋል" ብሎ ማስጠንቀቂያ ሲጽፍባቸው፣ "እግራቸው በየሳምንቱ እያደገ ዴስኩ ግን አያድግም፤ ምን ላድርግ?" ብለው በጽሑፍ መለሱለት። ደብዳቤውን እኛ መምህራን ተቀባብለን ነው ያነበብነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አግዳሚዋ ነበረች። ከተሰበረ ዴስክ ሳንቃ በገዛ እጃቸው የሠሯት፣ ሁለት ልጅ ብቻ የምትይዝ፣ በሩ ሥር የተቀመጠች አጭር አግዳሚ። ሕጓ አንድ ነው። ማንም ልጅ፣ በፈለገው ቀን፣ እሷ ላይ መቀመጥ ይችላል። እሷ ላይ የተቀመጠ ሳያስፈቅድ ይወጣል፤ ሲመለስም አይጠየቅም። ከአግዳሚዋ ልጅ ሲነሳ ጋሼ ደምሴ ጀርባቸውን ይሰጡና ሰሌዳው ላይ መጻፍ ይጀምራሉ። በሩ እስኪዘጋ አይዞሩም። ክፍሉም የሚጻፈውን ለመገልበጥ ያቀረቅራል። ማን እንደወጣ የሚያይ የለም።

"ሰነፎች አይጫወቱባትም?" ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

"ይጫወቱባታል። ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ይሰለቻቸዋል።"

"ታዲያ ማን ነው የሚቀመጥባት?"

"የሚያስፈልገው" አሉኝ። ቀጥለው ስለ ፈተና ወረቀት ማውራት ጀመሩ።

ከድጃ ሰባተኛ ክፍልን የተማረችው በጋሼ ደምሴ ክፍል ነው። ሳይንስ የማስተምራት እኔ ነበርኩ። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከድን፣ ጥያቄ ስትጠይቅ ግን የማታፍር ልጅ ነበረች። የልብን ክፍሎች በባለ ቀለም እርሳስ ሥላ ብታሳየኝ፣ እኔ ሰሌዳ ላይ የሣልኩት የገብስ ከረጢት መሰለኝ። "ደሙ ሲመለስ በሩ ማን ይዘጋበታል?" ብላ ጠይቃኝ መልሱን ለማግኘት ቤቴ ሄጄ መጽሐፍ ገልጫለሁ።

አባቷ አቶ ሸምሱ አጠና ተራ የባሕር ዛፍ እንጨት ይሸጡ ነበር። ሰባተኛን እንዳለፈች ሊያስቀሯት ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ጋሼ ደምሴ "አንቺ ሂጂ፤ ሴት ነሽ፣ ይሰሙሻል" አሉኝ። ሄድኩ። አጠና እየደረደሩ አገኘኋቸው።

"ማንበብ ቻለች፣ ሒሳብ ቻለች። ከዚህ ወዲያ ምን ቀራት ቲቸር?" አሉኝ።

"ሚኒስትሪ ይቀራታል ጋሽ ሸምሱ። ታልፋለች፤ እኔ ነኝ የምልዎት። ነርስ የምትሆን ልጅ ናት።"

"አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከጎረምሳ ጋር ትውላለች። ወላሂ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ነገር ቢመጣ ተጠያቂው ማን ነው?"

"እኔ።"

እንጨቱን አስቀመጡ። እጃቸውን አራገፉና አዩኝ። "እርስዎም ሴት ነዎት" አሉ በመጨረሻ። "እንግዲህ ክብሯን በእጅዎ ጥያለሁ። ስምንተኛን ትፈተን።"

በእኔ ይሁን ብዬ እጃቸውን ጨበጥኩ። ደስ ብሎኝ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግሬ ነው የተመለስኩት።

በዓመቱ ልጆቹ እዚያው ክፍል ስምንተኛ "ለ" ተባሉና የክፍል ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። ጋሼ ደምሴ ሲያስረክቡኝ ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርገው "አግዳሚዋን አታንሺያት፣ አስካለ" አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ያን ዓመት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሶሻሊስታዊ ውድድር ተጀመረ። በየወሩ ቀሪና አርፋጅ ያነሰበት፣ በትምህርት ሰዓት ተማሪው የማይወጣ የማይገባበት ክፍል፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀይ ሰንደቅ በሩ ላይ ይሰቀልለታል። የክፍል ኃላፊው ስምም በመምህራን ስብሰባ ላይ ይነበባል። ያቺን ሰንደቅ ፈለግኳት። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ወንዶቹ መምህራን "አስካለ ጎረምሶቹን አትችላቸውም" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ደግሞም ጊዜው ትጉህ መስሎ መታየት የሚሻልበት ጊዜ ነበር፤ ከስብሰባ ስሙ የጠፋ ሰው በሌላ ቦታ ሊነሳ ይችላል። ፍርሃቴን ሰበብ ላደርገው አይደለም። ሰንደቋን ፈልጌያት ነበር።

ዳይሬክተሩ ክፍላችንን ሊጎበኝ ሲገባ አግዳሚዋን በእግሩ ነካ አደረጋት። "ጓዲት አስካለ፣ ይህቺ የማምለጫ በር ናት" አለኝ። በዚያው ቀን ዘበኛውን ጠርቼ ወደ ስቶር አስወሰድኳት። ዘበኛው በትከሻው ተሸክሟት ግቢውን ሲያቋርጥ ጋሼ ደምሴ ሜዳው ላይ ከልጆቻቸው ጋር ነበሩ። እርምጃ መቁጠራቸውን አቁመው እስኪያልፍ አዩት።

አግዳሚዋ ላይ በየወሩ ማን ይቀመጥ እንደነበር አላውቅም ብል ውሸት ነው። ሴት ነኝ። እኔም አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ ያውቃል። እኔም ጨርቅ አጣጥፌ፣ ቀሚሴን ወደ ኋላ እየጎተትኩ፣ ሳልነሳ ውዬ አውቃለሁ። ነገር ግን እኔ ችዬው ነው ያደግኩት፤ እነሱም ይቻሉት ነው ያልኩት። በሳይንስ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሰው መራባት የሚናገረውን ምዕራፍ እንኳ ስደርስበት "ይህን ቤታችሁ አንብቡት" እያልኩ የማልፍ መምህርት ነበርኩ። ወንዱ መምህር አይቶ ሳንቃ የመታለትን ነገር፣ እኔ ሴቷ አውቄ ስቶር አስገባሁት።

ከድጃ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን መቅረት ጀመረች። ሽንት ቤቱ ከሜዳው ማዶ ነው፤ በሩ አይዘጋም። መውጣት የሚፈልግ ተነስቶ፣ አስፈቅዶ፣ ለምን እንደሆነ ተጠይቆ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቤቷ ትውላለች። እኔ ደግሞ ስም መጥሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ።

ዓርብ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ግለ ሂስ ነበር። በሳምንቱ የቀረ ተማሪ ፊት ለፊት ወጥቶ፣ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ይቆምና ጥፋቱን ይናገራል። ክፍሉ ሂስ ይሰጠዋል። በመጨረሻ ቃል ኪዳኑን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። "ከዛሬ ጀምሮ ያለ በቂ ምክንያት ከክፍል አልቀርም" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያወጣኋት እኔ ነኝ።

አንድ ዓርብ ከድጃ ሁለት ቀን ቀርታ መጣች። የክፍሉ አለቃ፣ ታደለ የሚባል ረጅም ልጅ፣ የቀሪዎችን ስም አነበበ። ከእሷ በፊት ሦስት ወንዶች ወጥተው እየተሳሳቁ ግለ ሂሳቸውን አወረዱ። ከድጃ ከመሀል ዴስክ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ልውጣ?"

"የት?"

ወደ በሩ አየች።

"ተራሽ ደርሷል፤ ስትጨርሺ ትወጫለሽ።"

"እባክዎ ቲቸር፣ አሁን ወጥቼ ልመለስ።"

"በአንቺ የተነሳ ሰንደቁን ልናጣ ነው እኮ ከድጃ! ነይ ውጪ።"

በግድግዳው በኩል ተለጥፋ መጣች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምራ የምትጽፍበትን የሳይንስ ደብተሯን ከኋላዋ ይዛዋለች።

"ደብተሩን አስቀምጪው" አልኳት። አልሰማችኝም መሰለኝ። "አስቀምጪው ነው የምልሽ፣ እጅ ወደ ጎን!"

ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ "እኔ ከድጃ ሸምሱ፣ በስንፍናዬ ምክንያት..." ብላ ጀመረች። ከኋላ "አይሰማም!" አሉ። ደገመችው። ታደለ እጁን አወጣ። "ጓዲት ከድጃ የምትቀረው በየወሩ ነው። በየወሩ የሚያማት ምን ቢሆን ነው? ልማድ ሆኖባታል" አለ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የምር አልገባውም። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ግን በአንድ ጊዜ አቀረቀሩ። አየኋቸው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

"ቃል ኪዳንሽን ጻፊ" አልኳት።

አየችኝ። ከንፈሯ "ቲቸር" አለ፤ ድምፅ አልወጣውም። ጠመኔውን ዘረጋሁላት። ተቀብላ ዞረች።

የደንብ ልብሷ ፈዛዛ ሰማያዊ ነበር። የታየውን መዘርዘር አያስፈልግም። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነበረ። አውልቄ መሸፈን ሁለት እርምጃ ነው። እኔ ግን ጠረጴዛውን በዱላ እየመታሁ "ዝም በሉ!" እያልኩ እጮሃለሁ። ጩኸቱ ባሰ። ከድጃ አልዞረችም፣ አልሮጠችም። ዓረፍተ ነገሩን በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ እስከ መጨረሻው ጻፈችው። አራት ነጥቡን አስቀመጠች። ጠመኔውን ቦታው መለሰች። ከዚያ ወጥታ ሄደች።

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም። ሐሙስ ዕለት አጠና ተራ ሄድኩ። አቶ ሸምሱ እንደ በፊቱ እንጨት ላይ ነበሩ፤ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"እንኳን መጡ ቲቸር። እኔ አላስቀረኋትም፤ ቃሌ ቃል ነው። እሷ ራሷ ናት ብሞት አልሄድም ያለችው። ምን ሆነሽ ነው ብንላት ለእናቷም አትናገርም። እርስዎ ያውቃሉ?"

ልጅቷ አልነገረችብኝም። ይህን ሳውቅ እፎይ አልኩ፤ በሕይወቴ ከተነፈስኩት ትንፋሽ ሁሉ የማፍርበት እሱን ነው።

"አላውቅም" አልኳቸው።

ያቋረጠ ከቀሪ አይቆጠርምና ያን ወር ቀይ ሰንደቅ በራችን ላይ ተሰቀለ። ስሜ በስብሰባ ተነበበ፤ ተጨበጨበልኝ። ከፈተናው ሁለት ወር በፊት ከድጃ ቡታጅራ በኩል ለሚኖር ነጋዴ ተዳረች። ደብተሯ መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ።

ለጋሼ ደምሴ ነገርኳቸው። የመምህራን ክፍል ውስጥ ብቻችንን ነበርን። እስክጨርስ ድረስ ጣታቸው ላይ ያለውን ጠመኔ በመሐረብ ሲጠርጉ ቆዩ።

"ለምን እንደሆነ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር" አሉ። "ሴት ናት፣ መንገር አያስፈልጋትም ብዬ ነው።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ እንደወትሮው ሰላም አሉኝ። በዓመቱ ማብቂያ ወደ ጋሞ ጎፋ ተዛወሩ፤ ማን እንዳዛወራቸው አልተነገረንም። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው በወባ መሞታቸውን ሰማን። በር ላይ ቆሞ ልጆችን በስም የሚጠራ መምህር ከዚያ ወዲያ እዚያ ግቢ ውስጥ አላየሁም።

አግዳሚዋን መልሼ አላወጣኋትም። ማውጣት ማለት የሆነውን መናገር ነው። ማታ ማታ ነገ አወጣታለሁ እላለሁ፤ ጠዋት ዳይሬክተሩን ሳየው እተወዋለሁ። መስከረም በመጣ ቁጥር ሴቶቹ ይበዛሉ፣ ሰኔ ሲደርስ ይሳሳሉ። ስም መጥሪያው ላይ ከስማቸው ትይዩ "አቋርጣለች" ብዬ እጽፋለሁ። ምክንያት የሚል ዓምድ አለ። ባዶ እተወዋለሁ።

በአምስተኛው ዓመት የምዝገባ ቀን ሰልፉ ውስጥ ሻሽ ያሰረች፣ ልጅ ያዘለች ሴት መጣች። አጠገቧ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቆማለች። ሴትዮዋ የልጅቷን የስድስተኛ ክፍል ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ራሕማ ሸምሱ ይላል። ቀና አልኩ።

"እንደምን ነዎት ቲቸር" አለች ከድጃ።

"ከድጃ..."

"አባባ ታመዋል። እህቴን የማስመዘግባት እኔ ነኝ።" ድምፏ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። "ያቺ የበሩ አግዳሚ አለች?"

"ስቶር ናት" አልኩ።

"እንግዲያው ካርዱን ይመልሱልኝ።"

"የት ልታስገቢያት ነው?"

"የትም። ቤት ትቀመጣለች። እኔ እንደወጣሁት ከምትወጣ ባትገባ ይሻላታል።"

ራሕማ ዓይኗን ከካርዱ ላይ አልነቀለችም። ካርዱን ይዤ ተነሳሁ። "ጠብቂኝ" አልኳት፤ ሰልፈኛው ሲያጉረመርም ወደ ስቶር ሄድኩ። የስቶር ኃላፊው የዕቃ መውጫ ቅጽ ይሞላ አለኝ። በኋላ እሞላለሁ አልኩት። ከተሰበሩ ዴስኮች ሥር ጎትቼ አወጣኋት። አንድ እግሯ ላልቷል። ዘበኛ አልጠራሁም። ራሴ ተሸክሜ ግቢውን ሳቋርጥ ዳይሬክተሩ ከቢሮው ብቅ አለ።

"ጓዲት አስካለ! ምንድን ነው ይሄ?"

"አግዳሚ ነው።"

"ለማን?"

"ለሚያስፈልገው።"

"በይ ሰንደቁን እርሺው።"

"ረስቼዋለሁ" አልኩት። በሳምንቱ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ፤ እሱ ብቻ ነው የሆነው። አምስት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ነገር አንድ ገጽ አልሞላም።

አሁን በተሰጠኝ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር አስቀመጥኳት። ከድጃ ከእህቷ ጋር ተከትላኝ ገብታ በመዳፏ ተጭና ሞከረቻት፤ ተነቃነቀች። ከደጅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥታ እግሯ ሥር አደረገችላትና እንደገና ሞከረቻት። "ቦታሽ ይኸው" አለቻት እህቷን። መሳቢያዬን ከፍቼ የሳይንስ ደብተሯን አወጣሁና ዘረጋሁላት። ሽፋኑን አየችው፤ አልተቀበለችኝም።

"ለራሕማ ይስጧት። የልቡ ሥዕል ይጠቅማታል።"

"ከድጃ፣ እኔ ያን ቀን..."

"ሰው ተሰልፏል ቲቸር" አለች። በጀርባዋ ያለውን ልጅ ከፍ አድርጋ አስተካከለችና ወጣች።

ያን ዓመት የዘለልኩትን ምዕራፍ አስተማርኩ። መጀመሪያ ሴቶቹን ለብቻ፣ ቀጥሎ ወንዶቹን፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ። ሳቁ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ መሳቅ ተዉ። ቀይ ሰንደቁ ሌላ ክፍል በር ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ራሕማ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ትምህርቱ መሀል ላይ ስትነሳ በዓይኔ ጥግ አየሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። የምጽፈው ጠፋኝ። እጄ ግን መጻፍ ጀመረ፤ በሩ እስኪዘጋም አላቆመም። ቀና ብዬ ሳነበው "ከዛሬ ጀምሮ ያለ በቂ ምክንያት ከክፍል አልቀርም" ይላል።

ዳስተሩን ላነሳ ስዞር ክፍሉ አቀርቅሮ ይገለብጣል። ሰሌዳ ላይ ያዩትን ሁሉ ነው የሚገለብጡት። በሩ ተከፈተ፣ ራሕማ ገባች። ማንም አላያትም። አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠች፣ ደብተሯን ገለጠች፣ ሰሌዳውን አየችና እሷም መጻፍ ጀመረች።

"ልጆች" አልኩ። ቀና አሉ። "ይህ እኔ የተሳሳትኩት ስሕተት ነው። ሰርዙት።"

የክፍሉ አለቃ የሆነችው ልጅ እጇን አወጣች። "የት ጋ ነው የተሳሳቱት ቲቸር?"

"ሁሉም ጋ" አልኳት።

ሰሌዳውን አጠፋሁት። ልጆቹ እየሰረዙ ነበር።